ሻጩ «በ5 ዓመት ራሱን ይከፍላል» ይላል፣ ወንድሜ «ገንዘብሽን ጣሪያ ላይ ልትበትኚ ነው» ይላል። ማንን ልመን?

ቢል_ያማረራት

እንዴት ናችሁ? እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ቤቴ ላይ ሶላር ለማስገጠም አስቤ ዋጋ አስጠየቅኩ። የቀረበልኝ 4 ኪሎዋት ፓነል፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ቤት ወደሚጠቀመው መብራት የሚቀይረው) እና 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ነው፣ ከነመግጠሚያው። አራት ነን ቤት ውስጥ። በወር ወደ 300 ኪሎዋት ሰዓት እንጨርሳለን። ቀን ቀን ቤቱ ባዶ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኛ ሥራ። የውሃ ማሞቂያው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ምድጃው፣ ሁሉም ማታ ነው የሚሠራው። መብራት አልፎ አልፎ ይሄዳል፣ ግን የሚያማርር አይደለም። የተረፈኝን ኃይል ወደ መስመር ብመልስ ለጊዜው የሚከፍለኝ የለም።

ዋጋውን በገንዘብ አልጽፍም። የምናነበው ከየቦታው ነን፣ ወሬውም «ተበልተሻል፣ አልተበላሽም» ወደሚል ይሄዳል። እንዲህ ልንገራችሁ፦ የተጠየቅኩት የ120 ወር የመብራት ቢሌን ነው። የ10 ዓመት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ባትሪው ብቻውን የ50 ወር ቢል ይወስዳል።

ሻጩ ወረቀት አውጥቶ ደመረና «5 ዓመት ከጥቂት ወር» አለኝ። ወንድሜ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። እናንተስ?

የቁጥር_ሰው

እህቴ፣ መጀመሪያ ዋጋን በወር ቢል መቁጠርሽ ደስ አሰኝቶኛል። ገንዘቡ ምንም ይሁን ምን ሒሳቡ ያው ነው።

ሻጩ 5 ዓመትን ከየት እንዳመጣው ልገምት። 4 ኪሎዋት ፓነል፣ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በኢንቨርተር የሚባክነው ሲቀነስ ሦስት አራተኛው ይቀራል ብንል፣ 15 ኪሎዋት ሰዓት በቀን ይሰጣል። እስከዚህ አልዋሸም። አንቺ ግን በቀን የምትጠቀሚው 10 ነው። ሻጩ 15ቱንም እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ቆጠረው። ማለትም በየወሩ አንድ ቢል ተኩል ታተርፊያለሽ ብሎ አሰበ። የሌለ ቢል እንዴት ይተርፋል?

በዚያ ላይ ታሪፍ በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል ብሎ ጨምሮበት ይሆናል። እንዲያ ስትደምሪው የመጀመሪያው ዓመት 18 ቢል፣ ሁለተኛው 19.8፣ እያለ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 110 አካባቢ ይደርሳል። 120ው በ5 ዓመት ከ4 ወር ይሞላል። ወረቀቱን አይተሽ ንገሪኝ፣ እንዲህ ካልሆነ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ቢል_ያማረራት

ወረቀቱን አሁን አየሁት። «ዓመታዊ የታሪፍ ጭማሪ 10%» የሚል በትንሽ ፊደል ከግርጌ አለ። 15 ኪሎዋት ሰዓትም አለ። ወይ ጉድ።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

ልጄ፣ ሰውየው ሌባ አይደለም። እኔ ብዙ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያሰላ ሰው አይቻለሁ፣ አብዛኞቹ ራሳቸውም አምነውበት ነው። ፓነሉ ያመነጨው ሁሉ ገንዘብ ይመስላቸዋል። ፓነሉ በእኩለ ቀን ያመነጫል፣ ቤትሽ ማታ ይበላል። በመሐል ያለውን ሰዓት የሚያሻግርልሽ ወይ ባትሪ ነው፣ ወይ የተረፈውን ከአንቺ የሚገዛ የመብራት መሥሪያ ቤት። ሁለቱም ከሌሉ ኢንቨርተሩ ፓነሉን «ቀስ በል» ይለዋል። ኃይሉ የትም ሳይደርስ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄሽ «ስንት ያመነጫል» መሆኑ ቀርቶ «ባመነጨበት ሰዓት ስንቱን እጠቀማለሁ» ይሁን። ቀን ቤቱ ባዶ ሲሆን የሚሠራው ፍሪጅ፣ ዋይፋይ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። ከ10ሩ 3ቱን ቢሸፍንልሽ ነው።

የቁጥር_ሰው

ጋሼ ያሉትን ይዤ ላስላው።

ባትሪውን ብታወጪው ዋጋው 70 ወር ቢል ይሆናል። የሚያድንሽ 30 በመቶ ከሆነ፣ 70 ሲካፈል ለ0.3፣ 233 ወር። ከ19 ዓመት በላይ። ወንድምሽ ደስ ይበለው።

ባትሪው ከገባ ከ85 እስከ 90 በመቶ ትሸፍኛለሽ። 88 እንበል። 120 ሲካፈል ለ0.88፣ 136 ወር። ከ11 ዓመት ትንሽ በላይ። በዚያ ዕድሜ ባትሪው ደክሟል፣ ኢንቨርተሩም ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው የሚኖረው። ገንዘብሽን መልሰሽ ሳትጨርሺ ሌላ ልትገዢ ትችያለሽ።

ሦስተኛው ያናድዳል። መሥሪያ ቤቱ የላክሽለትን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማታ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ቢመልስልሽ፣ ኔት ሜትሪንግ የሚሉት ነው፣ ያለ ባትሪ ቢሉ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። 70 ወር ብቻ። ወደ 6 ዓመት። ያው ጣሪያ፣ ያው ፓነል፣ ያው ፀሐይ። አንዱ 6 ዓመት፣ አንዱ 19 ዓመት። የሚለየው ደንቡ ብቻ ነው።

ሽቦ_አይነኬ

ደንቡ ደግሞ ይቀየራል! ይህን የማይነግሯችሁ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለዓመታት የላኩትን በሙሉ ዋጋ ያስቡላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 በኋላ ለሚገባ አዲስ ማመልከቻ የሚታሰበው በአማካይ ወደ ሩብ ወረደ። ጣሪያው አልተለወጠ፣ ፀሐይዋ አልተለወጠች። ሰው ሁሉ ባትሪ ፍለጋ ወጣ። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችውን ክፍያ በመጋቢት 2019 ለአዲስ ገቢ ዘጋችው።

አንድ_አንባቢ

@ሽቦ_አይነኬ ልክ ነህ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ካሊፎርኒያም እንግሊዝም ቀድመው ለገቡት የገቡላቸውን ቃል ጠብቀዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ሕግ ዋጋውን ለ20 ዓመት ያስርልህ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ውላቸውን እስከ 2020 መጨረሻ በልተዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ዛሬ ስንት ትከፍሉኛላችሁ» ሳይሆን «ለስንት ዓመት በጽሑፍ ትፈርሙልኛላችሁ» ነው። ፊርማ ከሌለ ሒሳቡ ውስጥ ዜሮ ብለህ አስገባው። ቢከፍሉህ ትርፍ።

ንፋሱ

ስለ ፀሐይ ብቻ ለምን ታወራላችሁ? እኔ የምኖረው ከፍታ ላይ ነው፣ ንፋስ አለ። 1 ኪሎዋት የምትሠራ ትንሽ ተርባይን አይቻለሁ፣ ዋጋዋም ደህና ነው። ሌሊትም ትሠራለች፣ ባትሪ አያስፈልግም።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

ንፋሱ ልጄ፣ ስምህን ወድጄዋለሁ፣ ተርባይኗን ግን ተዋት። 1 ኪሎዋት የተጻፈባት ንፋሱ በሴኮንድ 12 ሜትር ሲሮጥ ነው። ያ ጃንጥላ የሚገለብጥ ነፋስ ነው። የንፋስ ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነት × ፍጥነት × ፍጥነት) ጋር ነው የሚሄደው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በ4 ሜትር ደግሞ የ12ቱ አንድ ሃያ ሰባተኛ ነው። 1,000 ዋቱ 37 ዋት ሆነ ማለት ነው። አምስት አምፖል አይሞላም።

ጣሪያ ላይ ብትሰቅላት ደግሞ ንፋሱ በግድግዳና በዛፍ ተረባብሾ ነው የሚደርሳት። ቤቱም ይንቀጠቀጥብሃል። ረጅም ምሰሶ ስታቆምላት ወጪው ምሰሶው ላይ ነው የሚያልቀው። ክፍት ሜዳ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ለክተህ፣ አማካዩ ከ6 ሜትር በላይ ከሆነ ተመልሰን እናወራለን።

ጅረት_አለኝ

ጋሼ፣ እኔስ? ከቤቴ በስተጀርባ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ጅረት አለ። በቱቦ ባወርደው 10 ሜትር ቁልቁለት አገኛለሁ። በሴኮንድ 10 ሊትር ያህል መውሰድ ይቻላል።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

አንተ የታደልክ ነህ። 10 ሊትር በ10 ሜትር፣ ውሃው ውስጥ ያለው ኃይል 980 ዋት ነው። ትንንሽ ተርባይን ግማሹን ታወጣልሃለች፣ 490 ዋት። ትንሽ ትመስላለች። ግን ቀን ከሌሊት፣ 24 ሰዓት ናት። በቀን ወደ 12 ኪሎዋት ሰዓት። የዚህችን እህታችንን ሙሉ ቤት ትችላለች፣ ባትሪ ቢያስፈልግህም ትንሽ ነው። ውሃውን ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልግህ እንደሆነ ጠይቅ፣ በበጋ ፍሰቱን ራስህ በባልዲ ለካ፣ መግቢያው ላይ ቅጠል የሚይዝ ወንፊት አድርግ። በየሳምንቱ ወንፊት መጥረግ ካልሰለቸህ ፀሐይ አያሸንፍህም።

ጄኔሬተር_ይበቃኛል

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? እኔ ትንሽ ጄኔሬተር ገዛሁ። መብራት ሲሄድ አስነሳለሁ፣ ሲመጣ አጠፋለሁ። ዋጋው የዚህች እህት ሲስተም አንድ አሥረኛ አይሆንም። በዓመት 60 ሰዓት ቢጠፋብኝ፣ በሰዓት 1 ሊትር ብል እንኳ 60 ሊትር ነው። ጨረስኩ።

የቁጥር_ሰው

ለ60 ሰዓት ትክክል ነህ፣ አልከራከርህም። ለአልፎ አልፎ መጥፋት ባትሪ የሚገዛ ሰው በሒሳብ አይደለም የሚገዛው።

ግን ቁጥሩን ቀይረው። በቀን 6 ሰዓት የሚጠፋበት ሰው በዓመት ወደ 2,200 ሊትር ያቃጥላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አለ። ትንሽ ጄኔሬተር በደንብ ሲጫን ከ2 እስከ 3 ያወጣልሃል፣ የቀረው ጭስና ሙቀት ነው። አንድ ቴሌቪዥንና ሦስት አምፖል ብቻ ካንጠለጠልክበት 1ም አያወጣ። የነዳጅህን ዋጋ ለ2.5 አካፍለህ ከመብራት ዋጋህ ጋር አስተያየው። ዘይት ቅያሪውን፣ ማጣሪያውን፣ ጥገናውን ሳንጨምር። ጄኔሬተር ሲገዛ ርካሽ፣ ሲነዳ ውድ ነው። ሶላር በተቃራኒው።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

እግረ መንገዴን፦ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይነሳም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ይዞህ ሄዶ ነው የሚገድለው። ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም።

ከቤት_የምሠራ

እኔ ከሁላችሁም የተለየ ሒሳብ አለኝ። ሥራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የምከፈለው በሰዓት ነው። መብራት ሲሄድ የምቆጥበው ቢል የለም፣ የማጣው ደመወዝ ነው እንጂ። ባትሪዬን ከቢል ጋር ሳስተያየው ኪሳራ ነው። ካጣኋቸው የሥራ ቀናት ጋር ሳስተያየው በዓመት ተኩል መልሷል። ስለዚህ «ያዋጣል ወይ» ስትሉ ከምን አንጻር እንደሆነ ንገሩኝ።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያ ግዢዬ አሳፋሪ ነበር። ርካሽ ነው ብዬ አራት የአሲድ ባትሪ ገዛሁ። ማንም አልነገረኝም፣ ሌሊቱን ሙሉ ጨርሼ አሟጥጬ እጠቀምባቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አብጠው ሞቱ።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች አይወርድም ልጄ። 10 የተጻፈበትን 5 ነው ብለህ ነው የምትገዛው። ሊቲየም (ብረት ፎስፌት የሚሉት) 80፣ 90 በመቶ ብታወርደውም በሺዎች ለሚቆጠር ዙር (አንዴ ሞልቶ አንዴ ማውጣት) ይቆያል። ያስገባህበትንም 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልስልሃል፣ አሲዱ ከ80 ብዙም አያልፍ። ርካሹ ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ቢል_ያማረራት

እሺ፣ የኔ ባትሪ ሊቲየም ነው። ታዲያ እሱስ ያዋጣኛል?

የቁጥር_ሰው

ባትሪሽን በኪሎዋት ሰዓት እንግዛው። 50 ወር ቢል ማለት፣ 50 በ300፣ የ15,000 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ነው። በየማታው 6 ኪሎዋት ሰዓት ታወጪበታለሽ እንበል። በ10 ዓመት 21,900 ይሆናል። 15,000 ለ21,900 ሲካፈል 0.68። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከቀን ወደ ማታ ለማሻገር ብቻ፣ ከመስመር ብትገዢው ከምትከፍዪው ሁለት ሦስተኛውን ትከፍያለሽ። ፓነሉ ገና አልተከፈለም። ስለዚህ ባትሪ ስትገዢ በአብዛኛው የምትገዢው የአእምሮ ሰላም ነው። ሰላሙን ከፈለግሽው መብትሽ ነው፣ ግን ቁጠባ ብለሽ አትጥሪው።

ብድር_የያዘው

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው? እኔ በብድር ነው ያስገጠምኩት። ወለዱ 12 በመቶ ነው። እህቴ 120 ቢል ብትበደሪ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 14.4 ቢል ነው። ሲስተሙ የሚያድንሽ 10.6። ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፣ ዕዳው እያደገ ነው የሚሄደው። ከራሴ ነው የምነግርሽ።

ሽቦ_አይነኬ

ታሪፍ ሲጨምር ግን ቁጠባውም ይጨምራል፣ ወለዱ ደግሞ ባለበት ነው። አሥር ዓመት ቆይተህ እየው።

ብድር_የያዘው

ሊጨምር ይችላል። ግን ባንኩ የሚጠይቀኝ ዘንድሮ ነው።

የቁጥር_ሰው

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ለዚህም ነው የታሪፍ ጭማሪ በሌለበት የሚያዋጣ ነገር ፈልጉ የምለው። ከጨመረ የተሻለ ይሆናል፣ ካልጨመረ አልተጎዳችሁም።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

እኔ እስካሁን ዝም ብዬ ስሰማ አንድ ነገር ሲያሳክከኝ ነበር። ልጄ፣ የውሃ ማሞቂያሽ ስንት ዋት ነው? ስንት ሰዓት ይበራል?

ቢል_ያማረራት

2,000 ዋት። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ጠዋትና ማታ የምንታጠበው በእሱ ነው።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት። ከ10ሩ 3ቱ። እንግዲህ ስሚኝ። ሙቅ ውሃ ራሱ ባትሪ ነው፣ ያውም ገዝተሽ የከፈልሽበት። በርሜሉ ደህና ከተሸፈነ እኩለ ቀን ላይ የሞቀ ውሃ ማታም፣ ጠዋትም ይሞቃል። ታይመር አስገጥመሽ ማሞቂያውን ቀን ላይ አድርጊው። ልብስ ማጠቢያውንም ጊዜ መያዣ ካለው ቀን ላይ። ይኸው፣ ባዶ የነበረው ቤት ቀን መብላት ጀመረ።

አንድ ነገር ግን፦ ትንሽ ሲስተም 2,000 ዋት በአንዴ አይችልም። ማሞቂያውን ወደ 1,000 ዋት ብትቀይሪው በሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ ያሞቃል፣ ከፓነሉ ጋር እኩል ይራመዳል።

የቁጥር_ሰው

ጋሼ፣ እጅ ነሳሁ። ይህን ላስላው።

ሲስተሙን ቀንሺው። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ አራት ፓነሎች፣ 1.6 ኪሎዋት። ባትሪ የለም። በቀን ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ማሞቂያው 3ቱን ሲወስድ፣ ፍሪጁና ማጠቢያው አንድ ተኩል፣ 4.5 ትጠቀሚያለሽ። ይህ የቢልሽ 45 በመቶ ነው። ዋጋው እንደ ትልቁ ሒሳብ በኪሎዋት ከሄደ 28 ወር ቢል ነው፣ ግን ትንሽ ሲስተም በኪሎዋት ይወደዳል፣ የመግጠሚያው ጉልበት ያው ስለሆነ። 32 ልበል። 32 ለ0.45፣ 71 ወር። 6 ዓመት አይሞላም። ከ19 ወደ 6። ያለ ታሪፍ ጭማሪ፣ ያለ ሽያጭ፣ ያለ ማንም ፊርማ። በመጀመሪያው ዓመት ያወጣሽው ገንዘብ 17 በመቶ ይመልሳል። 12 በመቶ ወለድም ቢሆን ይችለዋል።

አንድ_አንባቢ

አንድ ልጨምር። ብዙ ቦታ ታሪፍ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የመጨረሻው ኪሎዋት ሰዓት ይወደዳል። ሶላር የሚቆርጥልሽ ከላይ፣ ከውዱ ነው። ትንሽ ሲስተም ውዱን ይበላል፣ ትልቁ ወርዶ ርካሹን መብላት ይጀምራል። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ፓነል ከአሥረኛው የበለጠ የሚያዋጣው።

በተቃራኒው፣ በወር 60፣ 70 ብቻ የሚጠቀምና ታችኛው እርከን ላይ ያለ ሰው ምንም ባያስገጥም ይሻለዋል። አምፖሉን ይቀይር። የ60 ዋት ክር አምፖል የሚያበራውን ያህል 9 ዋት ኤልኢዲ ያበራል። ከዚያ የረከሰ «ማመንጫ» አላየሁም። ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ካለ ደግሞ ምንም ብታመነጪ አይቀነስም፣ ከሒሳቡ አውጪው።

ተከራይ_ነኝ

እኔ ጣሪያ የለኝም፣ ይህ ውይይት ለባለ ቤት ብቻ ነው እንዴ?

አንድ_አንባቢ

ጀርመን ውስጥ ተከራዮች በረንዳቸው ላይ ሁለት ፓነል ሰቅለው በሶኬት ይሰካሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚፈቀደው 800 ዋት ነው። ሲለቁ ይዘውት ይሄዳሉ። ደንቡ የሚፈቅድበት ቦታ ካለህ ለተከራይ ከዚህ የተሻለ የለም። በማይፈቀድበት ግን ሶኬት ላይ እንዳትሰካ።

ቢል_ያማረራት

መብራት ሲሄድስ ቢያንስ ቀን ቀን ይሠራልኛል አይደል? ፀሐይ እያለ።

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

አይሠራም። ይህን ብዙ ሰው ከገጠመ በኋላ ነው የሚያውቀው፣ ከዚያ ገጣሚውን ይሰድባል። ከመስመር ጋር የተያያዘ ኢንቨርተር መብራት ሲሄድ ራሱን ያጠፋል፣ ፀሐይ ቢያነድም። ምክንያቱም አንቺ ኃይል ወደ ሽቦው ብትልኪ፣ «መብራት የለም» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ይሞታል። መብራት ሲጠፋ ራሱን ከመስመር ነጥሎ የሚሠራ ዓይነት አለ፣ ብዙውን ጊዜ ባትሪ ይፈልጋል፣ ይወደዳል። በኋላ ባትሪ ልጨምር ካልሽ ከአሁኑ ባትሪ የሚቀበል ኢንቨርተር ጠይቂ።

ሌሎችም ነገሮች። ጣሪያሽ አሮጌ ከሆነ መጀመሪያ እሱን፤ ፓነሉ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፣ በዓመት ግማሽ በመቶ ያህል ነው የሚደክመው፣ ጣሪያው ግን በ5 ዓመት ከበሰበሰ ማውረዱና መስቀሉ ሌላ ወጪ ነው። ፓነሉና ቆርቆሮው መሐል አየር ይለፍ። የተጻፈበት ዋት የተለካው ፓነሉ ራሱ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። በሞቃት ቀን 65 ይደርሳል፣ ያኔ 14 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የዛፍ ወይም የውሃ ታንከር ጥላ አንዱን ፓነል ከነካው በተርታ የተያያዙትን ሁሉ ሊጎትት ይችላል። ቢያንስ 10 ዲግሪ ዘንበል ይበል፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው። በደረቅ ወራት ማለዳ ላይ በውሃ አጣጥቢው፣ በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ አትድፊበት።

ቢል_ያማረራት

ከ4 ወር በኋላ ተመልሻለሁ።

አራት ፓነል አስገጠምኩ፣ ባትሪ የለም። ሻጩ ትልቁን ስተው ፊቱ ጠቆረ፣ ግን ሠራልኝ። ዋጋው 33 ወር ቢል መጣ። ማሞቂያው 1,000 ዋት ሆነ፣ ታይመር አለው። በርሜሉንም በአሮጌ ብርድ ልብስ ልጠቀልለው ነበር፣ ባለቤቴ ከልክሎኝ ደህና መሸፈኛ ገዛን።

የመጀመሪያው ሙሉ ወር ደመና ነበር። ከመስመር የወሰድነው 210 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወንድሜ «አላልኩሽም» ብሎ ደወለ። ሁለተኛው ወር 172። ሦስተኛው 168። ኪሎዋት ሰዓቱ ወደ 43፣ 44 በመቶ ነው የወረደው፣ ቢሉ ግን ከዚያም በላይ፣ ውዱ እርከን ላይ መድረስ ስላቆምን። የደመናው ወር ሲታሰብ 6 ዓመት ሳይሆን 6 ተኩል ይሆናል ብዬ እየጻፍኩ ነው።

ያላሰብኩት ችግር አለ። ደመና ሲሆን ውሃው ለብ ይላል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ። ማታ ለግማሽ ሰዓት ከመስመር እንዲበራ ማድረግ ይሻላል ወይስ ጠዋት?

ጡረተኛው_ኤሌክትሪሻን

ጠዋት፣ ከመታጠባችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ። ማታ ካሞቅሽው ሌሊቱን ከሙቀቱ የተወሰነው በከንቱ ይባክናል። የሙቀት መቆጣጠሪያው ከ60 በታች እንዳይወርድ፣ ባክቴሪያ ይራባል።

ጄኔሬተር_ይበቃኛል

ወንድምሽ አሁን ምን ይላል?

ቢል_ያማረራት

ትናንት መጥቶ ታይመሩን ስንት ገዛሽው አለኝ።